መብታችንን ሳንጠቀምበት እንዳናረጅ

 

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለምንበላውና ስለምንጠጣው፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። የዛሬው ርዕሴ ግን ምግብም መድኃኒትም አይደለም። መድኃኒቱ ስለሚገዛበት ገንዘብ ነው። «ይህ ከጤና ገጽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ቆሜ ያየሁት ግን ይህንን ነው፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን፣ በእጁ ያለውን መብት ሳይጠቀምበት ቀርቶ ነው።

አንድ ደንበኛዬን ላስቀድም። በአንድ የግል ፋብሪካ ውስጥ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 56 ነው። ሦስት መድኃኒት የታዘዘበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ሁለቱ ለደም ግፊት፣ አንዱ ለስኳር። ዋጋውን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ከሦስቱ የትኛውን ብተወው ይሻለኛል?» አሉኝ። «አባባ፣ የሚተው የለም» አልኳቸው። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ላለፉት ሁለት ዓመታት ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ ሲውጡ እንደቆዩ ነገሩኝ። «መሥሪያ ቤትዎ የሕክምና ወጪ አይሸፍንም?» ብላቸው «ይሸፍናል ይላሉ። ግን በየወሩ ወረቀት ይዞ አለቃ ፊት መቆም ያሳፍራል፤ ለማኝ መሰልኩ» ብለው መለሱልኝ።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን የሥራ ቦታቸውን መጠየቅ ልማድ አደረግኩ። ከብዙ ሰው ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ የሥራ ቦታ የጤናና የጡረታ ጥቅማችንን የሚያበላሹት ሦስት በሽታዎች ናቸው። አንደኛው እፍረት ነው፣ ሁለተኛው አለማወቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ አማናን ማጉደል። ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

ጥቅማ ጥቅም ምጽዋት አይደለም

ሾፌሩ አባታችን የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሠሪው የሚከፍለው የሕክምና ወጪም ሆነ የጡረታ መዋጮ የደመወዝ ሌላ መልኩ ነው። ሰውየው ሲቀጠሩ የተነገራቸው የወር ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ሥራው ከነጥቅሙ ነው የተሰጣቸው። ላባቸውን ያፈሰሱበትን ነገር መጠየቅ ልመና ሊሆን አይችልም። በመድረሳ የቀራን ሁሉ ስለ ሠራተኛ ሐቅ ደጋግመን ሰምተናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ትምህርቱን የምናስታውሰው አሠሪን ለመውቀስ እንጂ ራሳችን ሐቃችንን በአግባቡ ለመጠየቅ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ችግሩን ለመሥሪያ ቤቱ የደበቀም ረዳት አያገኝም።

እፍረቱ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒት እየተዘለለ ሲወሰድ ግፊቱ ይዋዥቃል፤ ሰውየው ግን ሕመም ስለማይሰማው የዳነ ይመስለዋል። በመጨረሻ በአንጎል፣ በልብ ወይም በኩላሊት ላይ አደጋ ሲደርስ ከቤተሰቡ የሚወጣው ወጪ የብዙ ዓመት የክኒን ዋጋ ይበልጣል። ለዚህ ነው «አፈርኩ» የሚለው ቃል በእኔ ዓይን እንደ አንድ የበሽታ ምልክት የሚቆጠረው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሁለተኛው በሽታ አለማወቅ ነው። በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦችን ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላስታውስ። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሰው ኃይል ክፍላቸውን ይጠይቁ።

1ኛ. የሕመም ፈቃድ፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከታመመ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፤ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ታዲያ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ቢዘገይ በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ። ብዙ ሰው በሽታው ሳይሆን ወረቀቱ አለመኖሩ ነው ከሥራ የሚያስወጣው። ሦስት ቀን ቤቱ ተኝቶ፣ ከእኔ ዘንድ ማስታገሻ ገዝቶ፣ በአራተኛው ቀን «አሞኝ ነበር» ብሎ ሥራ ቢገባ ማስረጃ የለውም። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ የሐኪም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

2ኛ. በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አደጋም ሆነ በሽታ የሕክምናውን፣ የሆስፒታሉንና የመድኃኒቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስ አደጋም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ይቆጠራል። ሠራተኛው ከሥራ ውጪ ሆኖ በሚታከምበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉውን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። እጁን ማሽን ቆርጦት በራሱ ገንዘብ ፋሻና አንቲባዮቲክ የሚገዛ ወጣት ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው። አደጋው በደረሰበት ቀን በጽሑፍ ካልተመዘገበ ከወራት በኋላ ማረጋገጡ ከባድ ነው።

3ኛ. የወሊድ ፈቃድ፦ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለእርግዝና ክትትል የምትሄድበት ጊዜም የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው። አባትም ሦስት ተከታታይ ቀን አለው።

እዚህ ላይ ለእህቶቼ አንድ ምክር አለኝ። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራሉ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ግን ሦስት ወር ነው። ስለዚህ የቀሩትን ሦስት ወራት አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ያላችሁን የዓመት ፈቃድ (ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል) አታባክኑት፤ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዛችሁ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ወደ ሥራ ስትመለሱ ወተቱን አልባችሁ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሞቃት ባልሆነ ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። የዱቄት ወተት ለመግዛት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ስታስተያዩት የጥቂት ቀን ፈቃድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባችኋል።

ሕጉ የማይሰጠው

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሕጉ ለማንኛውም ሕመም የሕክምና ወጪ ይሸፍናል ብለን በማሰብ ነው። ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ወጪ የሚሸፈነው በሕብረት ስምምነት፣ በድርጅቱ የውስጥ ደንብ ወይም ድርጅቱ በሚገባው የቡድን የጤና መድን ውል ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ (ቁጥር 690) በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ለደመወዝተኛው ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ ደግሞ የተቋቋመው በዋናነት ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። እንግዲህ ደመወዝተኛው የሚተማመነው በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ላይ ከሆነ፣ ደንቡን ማንበብ የግድ ይለዋል ማለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት የሕብረት ስምምነቱን ቅጂ ከማኅበሩ ማግኘት ይቻላል። ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ፦

– በዓመት የሚሸፈነው ገንዘብ ጣሪያ ስንት ነው? ያልተጠቀምኩበት ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል?
– ሚስት፣ ባልና ልጆች ይካተታሉ? ወላጆችስ?
– በውል የተያዘ ክሊኒክ አለ? ወይስ ራሴ ከፍዬ ደረሰኝ አቀርባለሁ?
– ጥርስ፣ መነጽርና የቤተ ሙከራ ምርመራ ይሸፈናሉ?
– ደረሰኙ በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት?

እንዴት እንጠቀምበት?

የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በተለይ በሰኔ ወር፣ የመድኃኒት ቤታችን ሰልፍ ይረዝማል። «የሕክምና ገንዘቤ ሊቃጠልብኝ ነው፤ ቪታሚን ስጪኝ» የሚል ሰው ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ ያልተመረመረ ሰው በመጨረሻዋ ሳምንት አምስት ጠርሙስ ቪታሚን ይዞ ይሄዳል። ጤነኛ ሆኖ በቂ ምግብ የሚመገብ ሰው ከዚያ ቪታሚን የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። ያ ገንዘብ የሚከተሉትን ቢሠራ ይሻል ነበር፦

ምርመራ፦ ዕድሜያችሁ ከአርባ ያለፈ፣ ውፍረት ያላችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና የኩላሊት ሥራችሁን ታዩ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በየዓመቱ የዓይኑን ጀርባ መታየት አለበት፤ ስኳር ዓይንን የሚጎዳው ሰውየው ምንም ሳይሰማው ነውና።

ርካሹን መምረጥ፦ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ሊሸጥ ይችላል። ሜትፎርሚንም ሆነ አምሎዲፒን ከየትኛውም የተፈቀደለት ፋብሪካ ይምጣ፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። «በዋናው ስሙ ያለውን ርካሹን አሳየኝ» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። በአዲስ አበባ እንደ ከነማ ያሉትን የሕዝብ መድኃኒት ቤቶችም መጀመሪያ ጎብኙ። የዓመቱ ጣሪያ ውስን ነው፤ በውድ ስም ከጨረሳችሁት በመጋቢት ወር ያልቅና እስከ ሰኔ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

በነጻ የሚገኘውን በነጻ መውሰድ፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒንም በክትትሉ ወቅት ይገኛል። በነጻ ለሚገኝ ነገር የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ አትጨርሱ።

ከረመዳን በፊት፦ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ረመዳን ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁን ለማየት ይህን ሽፋን ተጠቀሙበት። የስኳር መድኃኒት ሰዓቱም መጠኑም የሚስተካከለው በሐኪም ነው። በየዓመቱ በራሳቸው ግምት ክኒኑን ከፍለው፣ ስኳራቸው ወርዶ የሚወድቁ ሰዎች አሉ።

ጡረታ የቀረበው ሰው፦ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት የሕክምና ሽፋኑ ሰውየው ጡረታ በወጣበት ቀን ይቆማል። በሽታው ግን ጡረታ አይወጣም። ስለዚህ ዓይን፣ ጥርስና ሲጓተት የቆየ ቀዶ ሕክምና ካለ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታት ይጠናቀቅ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

«ደረሰኝ ጻፊልኝ»

ሦስተኛው በሽታ የሚያሳፍር ነው፤ ግን እንነጋገርበት። ሰው ይመጣና ሳሙና፣ ቅባትና የሕፃን ዳይፐር ይገዛል፤ ከዚያ «መድኃኒት ብለሽ ደረሰኝ ጻፊልኝ፤ መሥሪያ ቤት ይከፍለኛል» ይላል። እምቢ ስለው «ምን አገባሽ? የአንቺ ገንዘብ መሰለሽ?» ይለኛል። ከጠያቂዎቹ ውስጥ ጁሙዓ የማያመልጣቸው ወንድሞችም አሉበት። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚጽፍ ባለ መድኃኒት ቤት መኖሩንም አልክድም።

ይህ የሐላልና የሐራም ጉዳይ መሆኑን ለአንባቢ ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ የማየውን ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት የሕክምና ወጪው ያለ አግባብ ሲጨምር የሚያደርገው ሽፋኑን መቀነስ ነው። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚከፍለውን የመድኃኒት ወጪ ጨርሶ አቋረጠ፤ ምክንያቱ ደግሞ የተከመረ የቅባትና የሻምፖ ደረሰኝ ነበር። ሻምፖ የገዙት ሰዎች ብዙም አልተጎዱም። የተጎዳችው በየወሩ ለልጇ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትገዛ የነበረች የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንዱ በሻምፖ የሚበላው ገንዘብ የሌላው ልጅ መድኃኒት ነው።

የእኔ ስህተት

ሌላውን ስወቅስ የራሴን እንዳልደብቅ። ዲፕሎማዬን ይዤ ከተቀጠርኩባቸው ቦታዎች በአንዱ ውስጥ ባለቤቱ «ታክስ እንዳይበዛብሽ፣ በፔሮል 1,100 ብር እናድርግልሽ፤ የቀረውን 1,200 በእጅ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። እንዲያውም ተንኮል የገባኝ ብልህ መስሎኝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ያኔ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ነበር። የፈቃድ ደመወዜን ስቀበል በፔሮል ላይ ያለው ብቻ ሆነ። ስጠይቅ «የፈረምሽበት ይህ ነው» ተባልኩ። እውነት ነው፤ የፈረምኩበት ያ ነው። ቤት ኪራይ መክፈል ስላቃተን ፈቃዴን ሳልጨርስ፣ ወገቤ ሳይጠና፣ ልጄን ለጎረቤት ትቼ ተመለስኩ። ወተቴም ብዙ ሳይቆይ ቀነሰ። የጡረታ መዋጮዬም በዚያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ በግማሽ ደመወዝ ነው የገባው።

ይህ ልማድ ዛሬም አለ፤ መልኩን ብቻ ቀይሯል። መደበኛ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ የቀረውን «የትራንስፖርት»፣ «የቤት»፣ «የኃላፊነት» አበል ማለት ተለምዷል። የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው ግን በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። እስቲ እናስላው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው።

በወር 16,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሙሉው መደበኛ ደመወዝ ተብሎ ከተመዘገበ ከእሱ የሚቆረጠው 1,120 ብር ነው፤ አሠሪው 1,760 ይጨምርበታል። ጡረታው 8,800 ብር ይሆናል። ግማሹ አበል ተብሎ 8,000 ብቻ ከተመዘገበ ግን ከእሱ የሚቆረጠው 560 ብር፣ የአሠሪው ድርሻ 880 ነው። ጡረታው 4,400 ብር ይሆናል። ሰውየው ዛሬ በወር የ560 ብር መዋጮና ጥቂት ታክስ ተረፈልኝ ይላል፤ ነገር ግን የአሠሪውን 880 ብር በየወሩ ትቶ፣ በእርጅናው ዕድሜ ልኩን በየወሩ 4,400 ብር አጥቷል። በዚህ ውል ያተረፈው ማን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ወረቀቱን እናስተካክል

ጡረታ ለሠራተኛው ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ሰውየው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ጠቅላላው ግን ከሟቹ አበል አይበልጥም። ይህ የየቲሞች ገንዘብ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ይጓተታል።

አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። የአባት ስም በመታወቂያ «መሐመድ»፣ በትምህርት ማስረጃ «ሙሐመድ»፣ በጡረታ ቅጹ ላይ ደግሞ «መሀመድ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ በቤት ስሙ ተቀጥሮ በሌላ ስም መታወቂያ ያወጣል። በሕይወት ያለ ሰው ይህን በአንድ ሳምንት ሊያስተካክለው ይችላል። ከሞተ በኋላ ግን ሚስቱ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች።

ሁለተኛው የኒካሕ ወረቀት ነው። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መመዝገብ አለበት። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ ተጀምሯል። ብዙዎቻችን ኒካሕ ካሰርን በኋላ ወረቀቱን በሣጥን ውስጥ እንረሳዋለን፤ አንዳንዶች ጭራሹኑ ወረቀት የላቸውም። አንዲት ደንበኛዬ ባሏ ከሞተ በኋላ ሚስቱ መሆኗን ለማስመስከር ብዙ ወራት ፈጅቶባታል፤ በመካከሉ የራሷን የአስም መድኃኒት አቋርጣ ነበር። ከአል-በቀራ ምዕራፍ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ምን እንደሆነ የቀራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ለብድር ይህን ያህል ከተጨነቅን ለሚስትና ለልጅ ሐቅ ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባናል?

ስለዚህ ጋብቻችሁን በወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። ከዚያ በመሥሪያ ቤታችሁ ባለው የጡረታ ቅጽ ላይ ቤተሰባችሁ በሙሉ መመዝገቡን በዓይናችሁ እዩ። ከአሥር ዓመት በፊት ስትቀጠሩ ያላገባችሁ ከነበራችሁ ቅጹ ዛሬም «ያላገባ» ሊል ይችላል። ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ስትዛወሩ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንና የጡረታ መለያችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የተለያየ ቦታ ያገለገላችሁት ዘመን ተደምሮ ነውና የሚታሰበው። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው በእርግጥ መግባቱንም ማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ አለ።

ከጡረታው ሌላ ፕሮቪደንት ፈንድ ያላችሁና ገንዘቡ ወለድ በሚከፍል ሒሳብ መቀመጡ የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ ፍርዱን ለዑለማዎች እተወዋለሁ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ዛሬ በመደበኛ ባንኮች የወለድ አልባ መስኮት አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። «ሐራም ነው» ብሎ መብቱን ትቶ ከመሄድ በፊት፣ ሠራተኞች ተሰባስበው ገንዘቡ ወደዚያ እንዲዛወር አስተዳደሩን ቢጠይቁ አይሻልም?

ለአሠሪ ወንድሞችና እህቶች

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤትና ፋብሪካ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። «ንግዱ ተቀዛቅዟል፤ በዚህ ላይ 11 በመቶ ከየት አምጥቼ?» ትሉ ይሆናል። ጭንቀቱ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን መዋጮው ከሠራተኛው የወር ሥራ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕዳ እንጂ ሲመች የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። በዓመት መጨረሻ ዘካ አውጥታችሁ፣ ለመስጂድ ምንጣፍ ገዝታችሁ፣ የጥበቃ ሠራተኛችሁ ግን ሃያ ዓመት አገልግሎ ያለ ጡረታ ቢቀር፣ የትኛው እንደሚቀድም ራሳችሁን ጠይቁ። ሁሉንም በአንዴ ማስተካከል ባትችሉ እንኳ ከዚህ ወር ጀምሮ የምትከፍሉትን ደመወዝ እንዳለ መመዝገብ ትችላላችሁ።

ሠራተኛውም «ብጠይቅ ያባርሩኛል» የሚል ፍርሃት አለው። ለብቻ መጠየቅ ከባድ ሲሆን በሠራተኛ ማኅበር በኩል ወይም ሦስት አራት ሆኖ፣ በትሕትናና በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ከፈረሙ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እኔ ቀምሼዋለሁ።

ሾፌሩ አባታችን ከተነጋገርን በኋላ ማዘዣቸውንና ደረሰኛቸውን ይዘው ወደ ፐርሶኔል ሄዱ። በሁለተኛው ወር ተመልሰው ሲመጡ ሦስቱንም መድኃኒት ገዙ። «ምን አሉዎት?» ብላቸው ሳቅ አሉና «ልጅቷ እስከ ዛሬ የት ነበሩ አለችኝ» አሉኝ። ግፊታቸውን ለካሁት፤ ገና ከፍ ያለ ነው፣ ግን እየወረደ ነው። ጡረታቸው አራት ዓመት ቀርቶታል። ከኒካሕ ወረቀታቸው ጋር ቅጻቸውን እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ።

እናንተም በዚህ ወር አንድ ቀን ወስናችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ አንብቡ፤ የጡረታ ቅጻችሁን ክፈቱ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ የሰው ሐቅ ከመብላትም የራሳችንን ሐቅ ከማባከንም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።